አባቴ ቀትር ላይ አይተኛም ነበር

ባለፈው ዓመት ለጥቂት ቀናት ወደ ጅቡቲ ተመልሼ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያ ያሳፈረኝ ባለታክሲ በወደቡ በኩል ስናልፍ መስኮቱን በችኮላ ዘጋና አፍንጫውን በእጁ ሸፈነ።

"ይቅርታ እህቴ፣ ዛሬ የዓሣው ሽታ አይቻልም" አለኝ በተሰባበረ አማርኛ።

እኔ ምንም አልሸተተኝም። "ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ" አልኩት። ውሸት ነው። የተወለድኩባትን ከተማ ሽታ አላውቀውም። ባሕሩ እንዲህ ይሸታል፣ ገበያው እንዲያ ይሸታል ሲባል ከሰው አፍ የሰማሁትን ብቻ ነው የማውቀው። መስኮቱ እንደተዘጋ ሙቀቱ ፊቴ ላይ ተኛ። አፌን ከፍቼ መተንፈስ ጀመርኩ፤ ያኔ ነው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ያሳለፍኩት የካምሲን ወራት ድቅን ያለብኝ።

የምንኖረው ካርቲየ 4 በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከእንጨትና ከቆርቆሮ በተሠራ ባለሁለት ክፍል ቤት ነበር። ግቢውን ከአንድ የሶማሌ ቤተሰብ ጋር እንጋራለን። አያቴ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። አባቴ ጌታቸውም እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ የፍሪጅና ክሊማቲዘር የምንለው የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ሆነ። እናቴ እኔ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው የሞተችው። ከዚያ በኋላ ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። እናቴ እንዴት እንደሞተች ማንም አይነግረኝም። "ታማ ነው" ይባላል፣ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ነገር ይዞራል።

አፍንጫዬ መቼ መደፈን እንደጀመረ አላስታውስም። ከድሮም አንዱ ቀዳዳ ሲከፈት ሌላው ይዘጋ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ካምሲኑ ቀድሞ መጣ። ካምሲን ከበረሃው በኩል የሚነሳ ትኩስ ነፋስ ነው፤ አቧራውን በበር ስንጥቅና በቆርቆሮ ቀዳዳ እያሾለከ ትራስ ላይም፣ ውሃ መጠጫው ውስጥም ይጨምረዋል። ነፋሱ በገባ በሳምንቱ ሁለቱም ቀዳዳዎች ጥርቅም ብለው ተዘጉ። ስበላ አየር ያጥረኛል። አኝኬ፣ ቆም ብዬ፣ አፌን ከፍቼ ተንፍሼ፣ ደግሞ አኝካለሁ። ሩዝና ድንች የሚለዩልኝ ምላሴ ላይ ባላቸው ልስላሴ እንጂ በጣዕማቸው አልነበረም።

ከሁሉ የባሰው ግን ንግግሬ ነው። "ም" እና "ን" ከአፌ ጠፉ። ስሜ ሜሮን ነው። ስጠየቅ "ቤሮድ" እላለሁ።

ትምህርት ቤት ለእረፍት ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት፣ መምህራችን ተራ በተራ እያስነሳች ፈረንሳይኛ ታስነብበን ነበር። ለእኔ የደረሰኝ "ማማ ገበያ ሄደች" የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ተነስቼ "ባባ" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ።

"ማማ" አለች መምህሯ።

"ባባ።"

"ሜሮን፣ እየቀለድሽ ነው? ማ-ማ።"

"ባ-ባ።"

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና "ማዳም፣ እናት ስለሌላት ነው" አለች። ሳቁ ቀጥ አለ። መምህሯ "ተቀመጪ" ብላኝ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች። ልጅቷ ክፋት አልነበረባትም፤ ያወቀችውን መናገሯ ነው። እኔም አመንኳት። እናቴ ስትሄድ ቃሉን ይዛው ሄዳለች ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ጥግ ካለው የውሃ በርሜል ኋላ ተቀመጥኩና "ማማ" ማለትን መለማመድ ያዝኩ። "ባባ። ባባ። ባባ።"

"ወዬ ልጄ! እዚህ ነኝ!" አለ አባቴ ከቤት ውስጥ። የጠራሁት መስሎት ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ከበርሜሉ ኋላ አገኘኝ። "ምን ሆነሽ ነው የምትጠሪኝ?"

"አልጠራሁህም" አልኩት፤ ከዚያ አልቅሼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አባቴ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። ተንበርክኮ አገጬን በጣቱ ቀና አደረገና አፍንጫዬን አተኩሮ አየው፤ አልሠራ ያለ ማሽን ሲያይ እንደሚያየው ዓይነት።

"ይከፈታል" አለ። "የተደፈነ ነገር ሁሉ ይከፈታል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍንጫዬ የቤቱ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ ፋርማሲ ሄድን። ትንሽ ጠርሙስ ጠብታ ተሰጠን። አባቴ አንጋሎኝ በየቀዳዳው ጠብ ጠብ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ቀዳዳ ተከፈተና አየሩ እስከ ዓይኔ ሥር ድረስ ሲገባ ተሰማኝ።

"እስቲ አሁን በዪው" አለኝ።

"ማማ" አልኩ። ጥርት ብሎ ወጣ።

እስቃለሁ፣ እሱም ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያጠፋሁት ነገር ያለ መሰለኝ። ደግሞም ደስታው አልቆየም፤ ጠርሙሱ ሳያልቅ አፍንጫዬ ከበፊቱ ብሶበት ተዘጋ። ፋርማሲስቱም ይህን ጠብታ ብዙ ቀን መውሰድ እንደማይገባ ነገረን።

ተራው የእቴቴ ሆነ። ያኔ አሮጌው ባቡር ገና ይመላለስ ነበር፤ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱን ለምና ከደጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል አስመጣች። በዚያ ሐሩር የሚፈላ ድስት ላይ አስጎንብሳ ብርድ ልብስ አከናነበችኝ።

"ሳቢው! በደንብ ሳቢው!" ትለኛለች ከውጭ።

"በምኔ ልሳበው እቴቴ?"

ጉንጮቼ ተልጠው ወጣሁ። አፍንጫዬ እንደተዘጋ ነው።

ጎረቤታችን ፋጡማ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ በሰሊጥ ዘይት አሞቀችልኝ። በሶማሌ አክስትን እንደሚጠሩት ሀቦ ፋጡማ ነበር የምንላት። ጭንቅላቴን በአግዳሚው ጠርዝ ቁልቁል አንጠልጥላ ዘይቱን ስታንቆረቁር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ሲያበቃ ግንባሬ ላይ እፍ ትላለች። በማግስቱ እሑድ እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ፤ ቄሱ ጸበል ረጩኝና በመስቀላቸው አፍንጫዬን ነኩት። የሀቦ ዘይት ጉሮሮዬ ላይ ሳለ የቄሱ ጸበል ደረሰበት። አባቴ ከውጭ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ስንወጣ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ተከፈተ?"

ሐኪም ዘንድም ሄደናል። ዶክተሯ ረጋ ያለች ወጣት ሴት ናት። በትንሽ መብራት አፍንጫዬን አይታ፣ ውስጡ ያለው ሥጋ ማበጡንና አቧራ እንደማይስማማኝ ለአባቴ በፈረንሳይኛ አስረዳችው።

"መቼ ነው የሚከፈተው?" አላት።

"እንሞክራለን። ሌላ የምትጠይቀኝ አለ?"

አባቴ አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋውና መድኃኒቱን ተቀብሎ እጄን ይዞ ወጣ። በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ነበር፤ ወሩን ሙሉ ተነፋልኝ፣ የመጣ ለውጥ የለም።

ጅቡቲ ከቀትር በኋላ ከተማው ሁሉ ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ውሾቹ እንኳ መኪና ሥር ገብተው ይዘረጋሉ። እቴቴ በአንደኛው ክፍል፣ እኔ በሌላኛው ጋደም እንላለን። አባቴ ግን አይተኛም። ከጠዋት ጀምሮ በየሰው ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ይመጣና፣ ምሳውን በልቶ፣ ወንበሩን አልጋዬ አጠገብ ያስጠጋል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ስነቃም እንደተቀመጠ ነው፤ ዓይኖቹ ደም መስለዋል።

የማንኮራፋው ድምፅ ከባድ እንደነበር አውቃለሁ፤ የሀቦ ልጆች እየደጋገሙ ያስመስሉልኝ ነበር። ስለዚህ አባቴ ወንበር ላይ የሚቀመጠው በእኔ ጩኸት የተነሳ መተኛት አቅቶት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ እቴቴና ሀቦ ልብስ እያጠቡ ሲያወሩ ሰማሁ።

"የዚህች ልጅ አፍንጫ ወንድሜን ሊገድለው ነው" ትላለች እቴቴ። "እንቅልፍ የሚባል የለውም። ትናንት መሰላል ላይ ሆኖ ዞሮበት ሊወድቅ ሲል ነው አሉ የያዙት።"

"ወላሂ፣ ፊቱ ልክ አይደለም" አለች ሀቦ።

ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። እናቴ ሞታለች፤ አባቴ ደግሞ በእኔ አፍንጫ ሊሞት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀትር በመጣ ቁጥር በሆዴ ተኝቼ አንሶላውን እነክሳለሁ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ግን አፌ ራሱ ይከፈታል፤ ድምፁ ይመለሳል።

በነሐሴ አጋማሽ እቴቴ "አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን" አለች። አርሂባ ሰፈር የሚኖሩ፣ ከአገር ቤት የመጡ እንጥል የሚቆርጡ አሮጊት ነበሩ። አባቴ ብዙ ሲያንገራግር ሰነበተና በመጨረሻ እሺ አለ። ሦስታችን ሄድን። ሴትየዋ ደግ ፊት ነበራቸው፤ ከረሜላ ሰጡኝ። ዝቅ ያለ ዱካ ላይ አስቀምጠው "አፍሽን ክፈቺ የኔ ልጅ" አሉኝ። ከነጠላቸው ጫፍ የፈቱት ነገር ጫፉ የቆለመመ ቀጭን ብረት ነበር።

አባቴ ብረቱን አየው። "እማማ፣ ደሙ ወደ ውስጥ ቢፈስ፣ ትንፋሿ ቢቋረጥስ?" አላቸው።

"እሱ እግዜር ነው የሚያውቀው ልጄ። ለስንቱ ቆርጫለሁ።"

"ተነሺ ሜሮን" አለ አባቴ።

"ጌታቸው፣ እዚህ ድረስ መጥተን!" አለች እቴቴ።

"ተነሺ አልኩሽ።" እጄን ይዞ ወጣ። እስከ ቤታችን ድረስ አልለቀቀኝም። እቴቴ ከኋላችን እያጉረመረመች ተከተለችን። ለእኔ ደግሞ የመጨረሻው ተስፋ የተዘጋ መሰለኝ። አፍንጫዬ ካልዳነ ድምፁን ራሴ ማጥፋት አለብኝ አልኩ።

በማግስቱ ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ቬንቲላተሩ እያዘገመ እያዘገመ ቆመ። ሙቀቱ ከጣሪያው ላይ ወረደ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ትንፋሽ ብቻ ነበር። አባቴ ወንበሩ ላይ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። አሁን ነው አልኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ አፌን በመዳፌ ከድኜ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ጆሮዬ ውስጥ ከበሮ ይመታል። ትንሽ ብታገሥ አባባ እንቅልፍ ይወስደዋል ብዬ አሰብኩ። ዓይኔ ሥር ቢጫ ነገር መብረቅ ሲጀምር እንኳ አልተውኩም።

ወንበሩ በጀርባው ወደቀ።

"ሜሮን! ሜሮን!" አባቴ ከአልጋው መነጨቀኝና አቅፎኝ ወደ ግቢው ሮጠ። ባዶ እግሩን ነው፤ መሬቱ እንደ ምጣድ የጋለ ነበር። "ሀቦ ፋጡማ! ውሃ! ልጄ! ልጄ!" እያለ ይጮሃል። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

"አለሁ አባባ፣ አለሁ" አልኩት እያለከለክሁ። "አልታመምኩም። ዝም ልል ብዬ ነው።"

አየኝ። እኔን እንዳቀፈ ግቢው መሀል ቁጭ አለ። ሀቦ ውሃውን በመዳፏ እየጨለፈች ፊቴ ላይ ስትረጭ፣ እቴቴ በሩ ላይ ቆማ እጇን ራሷ ላይ ጭና ነበር። አባቴ አለቀሰ። ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ፤ ፊቱንም አልሸፈነም።

ወደ ማታ ፀሐይዋ ሲበርድላት እጄን ይዞ ወደ ባሕሩ ወሰደኝ። ውሃው ሸሽቶ ነበር፤ ጭቃው ላይ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይለቅማሉ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

"ለምንድነው ትንፋሽሽን የያዝሽው?" አለኝ።

"እንድትተኛ። እቴቴ አፍንጫዋ ወንድሜን ሊገድለው ነው ስትል ሰማኋት።"

ዓይኑን ወደ ወፎቹ መለሰ። ከዚያ "እናትሽ አስም ነበረባት" አለ። "ደረቷ ያፍናታል። መድኃኒቷን ስትስብ ይሻላት ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከሥራ ደክሞኝ መጣሁና ከጎኗ ተኛሁ። ቬንቲላተሩ ይጮሃል። ስነቃ . . ." የቀረውን አልጨረሰውም። "አልሰማኋትም ሜሮን። እዚያው ጎኗ ሆኜ አልሰማኋትም።"

"እኔስ የት ነበርኩ?"

"ግቢ ውስጥ ከሀቦ ልጆች ጋር ትጫወቺ ነበር።" አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። "የአንቺ ድምፅ አያስቸግረኝም። እሱን ስሰማ ልጄ አለች እላለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ስትዪ ነው።"

ይህን ስሰማ የማውቀው ነገር ሁሉ ቦታውን ለቀቀ። ወንበሩን፣ የቀሉትን ዓይኖቹን፣ "ማማ" ያልኩ ቀን ወደ ግድግዳው የዞረውን ፊቱን፣ ሁሉንም እንደገና አየሁት። ከዚያ መጠየቅ ያለብኝን ጠየቅሁ።

"እኔም እንደ እሷ እሞታለሁ?"

"አላውቅም ልጄ" አለ። "መጠየቅ ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ።"

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አልሄደም። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ያችው ዶክተር ዘንድ ወሰደኝ። በሩን ገና ሳንዘጋው "ባለፈው ያልጠየቅሁሽ ነገር አለ" አላትና፣ ስለ እናቴ ቆሞ ነገራት። ዶክተሯ ጽሑፏን ትታ አዳመጠችው። ከዚያ ደረቴንና ጀርባዬን በማዳመጫዋ ብዙ ቆይታ ሰማች። በቱቦ እፍ አስባለችኝ። ግቢውን አስሮጠችኝና እንደገና ሰማች። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ የሚያየው የእሷን ፊት እንጂ እኔን አልነበረም።

"ደረቷ ንጹሕ ነው" አለችው። "የእናቷ በሽታ ምልክት አሁን አላይባትም። ደረቷ ሲያፏጭ ከሰማህ፣ ስትሮጥ ካሳላት፣ ሳትውል ሳታድር አምጣት። የእሱ መድኃኒት አለ። የአፍንጫዋን ግን እውነቱን ልንገርህ። ላይከፈት ይችላል። ስታድግ ቀዶ ጥገና ይሞከር ይሆናል፤ እሱም ተመልሶ ሊደፈን ይችላል። በአቧራ ጊዜ ይብስባታል። ትኖርበታለች።"

"ትኖርበታለች" አለ አባቴ ቃሉን እየደገመ። "ትኖራለች ማለት ነው?"

ዶክተሯ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አዎ። ትኖራለች።"

ከሐኪም ቤቱ ወጣን። እንዳልዳንኩ ገብቶኛል፤ የሚቀጥለውን ዓመትና ከዚያ የሚቀጥለውን "ቤሮድ" ሆኜ እንደማልፈውም ገብቶኛል። ለምን ቅር እንዳላለኝ ግን ያኔ አላወቅሁም። አባቴ ገበያው ዳር አቁሞኝ ቀዝቃዛ የማንጎ ጭማቂ ገዛልኝና፣ በየመሀሉ እያረፍኩ እየተነፈስኩ ስጠጣ ሳይቸኩል ቆሞ ጠበቀኝ።

ካምሲኑ መድከም ጀምሮ ነበር። በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ የእረፍት ቀን ነው፣ ምሳ በላን። አባቴ ከማዕዱ ተነስቶ ወንበሩ አጠገብ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ምንጣፉን መሬት ላይ ዘረጋ፣ ክንዱን ተንተራሰ፣ ጋደም አለ። እቴቴ ሳህኖቹን እንደያዘች ባለችበት ደርቃ ቀረች። ትንፋሹ መክበድ እስኪጀምር ድረስ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

ትንሽ ቆይቶ ሀቦ ፋጡማ በሳህን ሳምቡሳ ይዛ ከግቢው "እቴቴ!" እያለች መጣች። እቴቴ በጣቷ ከንፈሯን ይዛ ወደ በሩ ፈጠነች።

"ዝም በዪ፣ ተኝቷል።"

"ማነው የተኛው?"

"ጌታቸው።"

ሀቦ ከትከሻዋ በላይ ወደ ውስጥ አየች። ሳህኑን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው፣ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ ጫን አደረገች። ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ፣ ቀጭኗ ጥላ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወደ ግቢው የሚገባውን ልጅ ሁሉ በእጅ ምልክት እየመለሱ፣ የአሥር ሰዓቱ አዛን እስኪሰማ ድረስ ሳይነጋገሩ ቆዩ። እኔም አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ አፌን ከፍቼ፣ እንደፈለግሁ ጮክ ብዬ ተነፈስኩ።